ስለ መዋኛ ውሃ፤ ከሆሳዕና እስከ ላንጋኖ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ስለ ሞላ ወንዝ ብቻ የተነገረ ይመስላል። የአገራችንን ሐይቆች ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ቃሉ ከዚህ የጠለቀ ምሥጢር አለው። ውሃ ሰውን የሚጐዳው በማስጠም ብቻ አይደለም፤ ጥርት ብሎ በመታየትም ያታልላልና።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና፣ በዘውዱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐድያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የተቆረቆረችውም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2200 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ በሁለት ወገን በሚከፈልበት ምድር ነው። ከምዕራቡ ተዳፋት የሚወርደው ጐርፍ ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ሲሄድ፣ ከምሥራቁ የሚወርደው ከብላቴ ጋር ተቀላቅሎ በሐላባ በኩል ያልፍና ወደ አባያ ሐይቅ ይገባል። በዝቅተኛው የሻሾጎ ምድር የሚገኘው የቦዮ ሐይቅ ጥልቀት የሌለውና ረግረጋማ በመሆኑ ለወፎች ማደሪያ ይሆናል እንጂ ዋናተኛን አይጋብዝም። ብላቴ የሚደርስበት አባያ ደግሞ አዞ የሚኖርበት ነው። እንግዲህ የሐድያና የከምባታ ሰው ወንዝና ምንጭ ሳያጣ፣ ያለ ሥጋት የሚዋኝበትን ዳርቻ ግን ከሩቅ መፈለግ ነበረበት።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የባሕር ዳርቻ ሲባል ለብዙው ሰው የሚታሰበው ምፅዋ ነበር። ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው የጉርጉሱም አሸዋማ ዳርቻም በባሕር መታጠብ ለሚወዱ ሁሉ የታወቀ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ያለ ባሕር በር ቀረች። ከዚያ ወዲህ ዳርቻ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከቀድሞው ይልቅ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ጣለ።

ነገር ግን በሐይቅ ውስጥ ከአዞ ይልቅ ረቂቅ የሆነ ጠላት አለ፤ ይኸውም ቢልሃርዚያ ነው። የበሽታውን ትል በካይሮ ከተማ በ1851 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ሲሆን፣ ስሙ ለበሽታው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በ1915 ደግሞ ብሪታንያዊው ሊፐር የትሉ እጭ በግብጽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያድግ አስረዳ። እጩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ሲዋኝ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለሆነም ሳይጠጡ መታጠብ ወይም መዋኘት ብቻ ለመታመም ይበቃል።

ከዚህ ዕውቀት የሚገኘው ትምህርት አስገራሚ ነው። ቀንድ አውጣው የሚወደው እንደ ዝዋይ ያለ፣ በዳርቻው ቄጠማ የበቀለበት፣ ጨው ያልበዛበት ውሃ ነው። በዝዋይና በሐዋሳ ዳርቻዎችም በሽታው መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ላንጋኖ ግን ደቃቅ ደለል ስለሚንሳፈፍበት ቡናማ ነው፤ ለዓይን የማይማርክ የደፈረሰ ውሃ ይመስላል። ሆኖም ሶዳ ያለበትና የደፈረሰ መሆኑ ለቀንድ አውጣው ስለማይመቸው፣ ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ታወቀ። በዳርቻውም እንደ በቀለ ሞላ ያሉ ሆቴሎች ተሠሩ፤ ከሆሳዕና በሐላባና በሻሸመኔ በኩል የሚሄድ መንገደኛም ደረሰበት። ዳርቻው ስም ያገኘው እንግዲህ ውሃው በማማሩ ሳይሆን፣ ጠባዩ በመታወቁ ነው።

በሽታው ላለባቸው ውሃዎች ደግሞ መፍትሔው ከራሳችን ምድር በቅሎ ተገኘ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። እንዶድን ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና ሲጠቀምበት ቢኖርም፣ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉን በምርምር የገለጡት እርሳቸው ናቸው። ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል። ነገር ግን የዳነው ልጅ ተመልሶ እዚያው ውሃ ከገባ እንደ ገና ይያዛል። በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሌላ የገጠር ከተማ የሚኖር ልጅ የፀሐይ ሙቀት ሲበረታበት ወደ ወንዝ መሮጡን በቁጣ ብቻ መከልከል አይቻልም። የሚቻለው መምህሩ ስለ ቀንድ አውጣው እንዲያስተምር፣ የጤና ባለሙያው ውሃውን እንዲመረምር፣ ማዘጋጃ ቤቱም ሰው የሚታጠብበትን ሥፍራ ከቆሻሻና ከመጸዳጃ እንዲያርቅ ነው። ውሃ እያሳሳቀ መውሰዱን አባቶቻችን ነግረውናል፤ ከየትኛው ወንዝ ምን እንደሚያሠጋ ለይቶ ለልጆቻችን መንገር ግን የእኛ ፈንታ ነው።