አዋጁ በነጋሪት፣ መልሱ በዝምታ፦ ከደሪታ ነጋዴዎች እስከ ወረታ የስልክ መስመር



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው ወረታን ያውቃታል። መንገዱ እዚያ ሲደርስ አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይታጠፋል። ዙሪያዋ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ ዛሬ በሩዙ የታወቀው የፎገራ ሜዳ ነው። እንዲህ ባለ የመንገድ መገናኛ ከእህሉ ጋር ወሬም ይገባል፣ ይወጣል።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ይህ ሁሉ ለወራት ተዘጋ። ነጋዴው የሌላ ከተማን ዋጋ በስልኩ አያይም፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ፊት አያይም፤ በየቦታው ስለሚሰማው ተኩስ የሚጠይቅም ሆነ የሚመልስ ጠፋ። ብዙዎቻችን ነገሩን አዲስ አድርገን አየነው። ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል።

ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን፣ ከጥንታዊው የይፋግ ገበያ አቅራቢያ ደሪታ የምትባል የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴዎቿ ከጎጃም ገበያዎች እስከ ምጽዋና መተማ ይመላለሱ ነበር። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን የአገሩን ወሬ ለአገሩ የሚያደርሱት እንዲህ ያሉ ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ የሚያስገድደው የአፄ ዮሐንስ 4ኛ አዋጅ ሲወጣ ግን ለእነዚህ ሰዎች «ለምን?» ብለው የሚጠይቁበት መድረክ አልነበረም። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ ሕዝብ ቆሞ ይሰማል። መልሱ ወይ መታዘዝ፣ ወይ ማመፅ፣ ወይ መሰደድ ነበር። ብዙዎች ወደ መተማ ተሰደዱ።

ማተሚያ ቤት ሲመጣም የነጋሪቱ ልማድ ወዲያው አልቀረም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን በሕግ መሠረት እንደሚያከብር ቢጽፍም፣ ጋዜጣ የሚታተመው ሳንሱር ካለፈ በኋላ ነበር። ሙስሊሙ በራሱ አገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባለ ይጠራ ነበር። ስሙን የሚያወጣለት ሌላ ነው፤ «ይህ ስሜ አይደለም» የሚልበት ዓምድ ግን አልነበረውም። ያንን ቃል ያስተካከለው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የወጣው ታላቁ ሰልፍ ነው። በርካታ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተው «ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች» የሚለውን ጥያቄ ደግፈዋል። ጋዜጣ ያልሰጠውን መልስ አደባባይ ሰጠ። ደርግ በዚያው ዘመን የሙስሊም በዓላትን ብሔራዊ በዓል ሲያደርግ፣ ሳንሱሩን ግን አጠበቀው።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ሳንሱርን አነሳ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ሳንሱር ከለከለ። የሙስሊሙን ጉዳይ የሚያነሱ ጋዜጦችና መጽሔቶች የወጡት በዚህ በር ነው። ሳንሱሩ ግን ከማተሚያ ቤት በፊት መቆሙን ትቶ ከማተሚያ ቤት በኋላ ይጠብቅ ጀመር። ነሐሴ 2001 ዓ.ም የ«ሰለፊያ» ጋዜጣ አዘጋጅ ኢብራሂም መሐመድ አሊ የ1 ዓመት እስር ተፈረደበት። የክሱ መነሻ በትምህርት ቤቶች የሒጃብ ገደብን የሚተች የእንግዳ ጸሐፊ ጽሑፍ ነበር። ልብ በሉ፦ ጽሑፉ ዜና አልነበረም፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ አስተያየት ነበር። አዘጋጁ የታሰረው አስተያየቱን ስላስተናገደ ነው።

ከዚያ 2004 መጣ። የአወሊያው ጥያቄ «ድምፃችን ይሰማ» በሚል ስም ሲሰፋ፣ ስሙ ራሱ ችግሩን ተናግሯል። ሕዝቡ የጠየቀው ሥልጣን አልነበረም፤ መሰማት ነበር። ሐምሌ 2004 የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ታሰረ፤ ጥር 2005 ባልደረባው ሰሎሞን ከበደ ተከተለ። በዚያው ወር ኢቲቪ የታሳሪዎቹ ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እያለ «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ፊልም አሳየ። አንዱ ወገን በቴሌቪዥን ይናገራል፤ ሌላው እጁ በካቴና ሆኖ ይታያል። ሐምሌ 2007 በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደ። ታኅሣሥ 2009 ደግሞ የሬዲዮ ቢላል ጋዜጠኞች ዳርሰማ ሶሪና ኻሊድ መሐመድ እያንዳንዳቸው ከ4 ዓመት በላይ ተፈረደባቸው። ኋላ ላይ በሮቹ ተከፈቱ፤ ሰኔ 2010 ከ260 በላይ የተዘጉ ድረ ገጾችም ተለቀቁ።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችን ሐቁን እንናገር። ቃል ያለ ልጓም ሲለቀቅ ምን እንደሚያመጣም አይተናል። ሚያዝያ 2014 በጎንደር በቀብር ላይ ጥቃት ደርሶ የብዙ ሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ ያልተጣራ ወሬና የጥላቻ ቃል ከከተማ ከተማ ሲሮጥ ነበር። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ሲያሰራጭ ቅጣቱን የሚያከብደው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ያሻውን ይበል» አንልም። የጠብ ጥሪ ያሰማ በስሙ ይጠየቅ። አንድ ሰው ዋሸ ተብሎ ግን የሚሊዮኖች መስመር አይቆረጥም። መስመሩ ሲቆረጥ ውሸቱ አይሞትም፤ የሚሞተው ማስተባበያው ነው። ወሬው በአፍ ከወረታ አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ «እኔ እዚያው ነበርኩ፤ እንዲህ አልሆነም» የሚለው ሰው ድምፅ አብሮት አይደርስም።

የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን ለዘመናት ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ዘገባን ያጠሩት አፍ በመዝጋት አልነበረም፤ ኢስናዱን በመመርመር፣ የአንዱን ዘጋቢ ቃል ከሌላው ጋር በማስተያየት ነበር። አንድ ተናጋሪ ብቻ በቀረበት አገር ማመሳከሪያ የለም።

የደሪታ ነጋዴዎች ለአዋጁ የሰጡት መልስ በጽሑፍ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ምን ይነግረን ነበር? አናነበውም፤ የሚጽፉበት አልነበራቸውምና። እኛ ግን አለን። አጣርተን እንጻፍ፣ በጨዋነት እንመልስ፣ የማንስማማበትም ወገን የመመለስ መብቱ እንዲጠበቅለት እንቁም። ነገ የሚዘጋው የእርሱ አፍ ቢሆን፣ ከነገ ወዲያ ተራው የእኛ ነው።

ወላሁ አዕለም።