የሸክላ መርፌና የአገራችን ድምፅ
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ኮዬ ፈጬ)

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህ አባባል ለብዙ ዘመን እውነት ሆኖ ኖሯል። ሰው ድምፁን ራሱን የሚቀርጽበት መሣሪያ ካገኘ ወዲህ ግን በቃል የነበረውም መወረስ ጀመረ። በሸክላ ላይ ያለው ቀጭን መስመር አንድ ዐይነት ጽሑፍ ነው፤ አንባቢውም ዓይን ሳይሆን መርፌ ነው። መጽሐፍን ሺህ ሰው ቢያነበው ፊደሉ አይጠፋም፤ ሸክላን ግን ያረጀ መርፌ ባነበበው ቍጥር ፊደሉን እየፋቀ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ሸክላ መርፌ ታሪክና መርፌን በጊዜው ስለ መለወጥ በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍ የሚባለውን መሣሪያ የሠራው በ1877 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቈይ መሣሪያው በአገራችን ታሪክ ውስጥ ገባ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በሰም ጥቅል ላይ አስቀርጻ ላከች። ቃሉ ከተሰማ በኋላ ጥቅሉ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለ ነበር የንግሥቲቱ መልእክት ተሰብሮ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በ1899 የመለሱት ቃል ግን ስለ ተጠበቀ ዛሬም ይሰማል። ከሁለቱ መልእክቶች አንዱ ጠፍቶ አንዱ መኖሩ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ድምፅ የሚኖረው ስለ ተቀረጸ ብቻ ሳይሆን ጠባቂ ስላገኘ ነውና።

ዘፈንን በሸክላ በማስቀረጽ ረገድ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው ሳለ በ1908 ገደማ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እኒህ ሰው የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አባት መሆናቸውን ብዙ ተማሪ የሚያውቀው አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞር ነበር። የሚሠራው ላክ ከምትባል ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ነው፤ ከእጅ ሲወድቅም እንደ ገል ይሰበራል። የድንጋዩ ዱቄት የተጨመረበት ምክንያት ነበረው። መርፌው የብረት ስለ ሆነ ሸክላው ገና መዞር ሲጀምር ጫፉን ሞርዶ በመስመሩ ልክ ያስተካክለዋል። ታዲያ አንድ ገጽ ተጫውቶ ሲያልቅ መርፌውም አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ መርፌ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 200 በሚይዝ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። በዚያ ጊዜ መርፌ መለወጥ የየዕለት ልማድ ነበረና ማንም አይረሳውም።

በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሦ የሚዞረውን የፕላስቲክ ሸክላ አወጣ፤ በ1949 ደግሞ አር ሲ ኤ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አስከተለ። የአዲሱ ሸክላ መስመር እጅግ ቀጭን ነው። ለ78ቱ የሚሆነው መርፌ ጫፉ 75 ማይክሮን ያህል ሬዲየስ ሲኖረው ለአዲሱ የሚሆነው 25፣ ኋላም 18 ማይክሮን ያህል ሆነ። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ነው። መርፌውም ከብረትነት ወደ ሰንፔርና ወደ አልማዝ ተለወጠ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ ሸክላው መርፌውን ይበላ ነበር፤ አሁን ግን መርፌው ሸክላውን የሚበላ ሆነ።

በአገራችን በዚያው በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን አቶ አምሐ እሸቴ የተባሉ የሙዚቃ መደብር ባለቤት ደፍረው አምሐ ሬከርድስን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውም ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ባለ 45 ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳተሙ። አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሬከርድስ ስም ብዙ አሳትመዋል፤ ከእነዚህም አንዱ በ1975 የወጣው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። ከአብዮቱ በኋላ ግን ካሴት ሸክላን ተካው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም የሸክላ ኅትመት ቆመ። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራ ከእነዚህ ዘፈኖች ብዙዎቹን እንደ ገና ለዓለም አሰማ። የነጋድራስ ተሰማም ዘፈኖች በዚሁ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ወጥተዋል።

አንድ ሰው «ዘፈኑ ሁሉ በስልክ ሲገኝ ስለ መርፌ ማውራት ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በድጋሚ ያልወጣ ዘፈን ብዙ አለ፤ ያም የሚኖረው በየሰዉ ቤት ባለው ሸክላ ላይ ብቻ ነው። የእኛ ኮዬ ፈጬ ትናንት የእርሻ መሬት ነበር፤ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሆኗል። ከመሀል ከተማ ወደዚህ የመጡ ቤተ ሰቦች ከዕቃቸው ጋራ የወላጆቻቸውን ሸክላ ይዘው ቢመጡ የሚያስደንቅ አይደለም። የሰፈራችን አቧራ ደግሞ በመስመሩ ውስጥ ሲገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ሸክላውን ወደ ስልክ ለመገልበጥ ያሰበም ቢሆን በተበላ መርፌ ከገለበጠ የሚያተርፈው ዘፈኑን ሳይሆን ጩኸቱን ነው።

የአልማዝ መርፌ በአማካይ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል። አንዱ የ45 ገጽ 4 ደቂቃ ቢፈጅ 500 ሰዓት ማለት 7,500 ጊዜ ማጫወት ነው። የብረቱ መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግል እንደ ነበር ስናስብ ይህ ብዙ ነው። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ብዙ ስለሚያገለግል ዘላለማዊ ይመስለንና እንረሳዋለን። መርፌው ሸክላውን የሚጫነው በ2 ግራም ያህል ቢሆንም ጫፉ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሰላ ከአንድ ቶን ይበልጣል። ጫፉ ተበልቶ ስለት ካወጣ በዚህ ክብደት መስመሩን ያርሰዋል። ምልክቱ ዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ሲል ድምፁ መንሿሿቱ፤ ይልቁንም ወደ ሸክላው መካከል ሲቃረብ መሻከሩ ነው።

የመለወጡ ሥራ ከባድ አይደለም።
1ኛ፤ መሣሪያውን ከመብራት መንቀልና ክንዱን በማረፊያው ላይ ማሰር።
2ኛ፤ መርፌው የተሰካበትን ራስ፣ ማለት ካርትሪጁን፣ አይቶ ስሙንና ቍጥሩን መጻፍ፤ መርፌ ሁሉ ለሁሉ አይሆንምና። በዚህ ከተማ ባይገኝ ቍጥሩን ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ መላክ ይቻላል። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 ካርትሪጅ መሥራቱን ቢያቆምም ለቀድሞ ካርትሪጆች የሚሆን መርፌ የሚሠሩ ሌሎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በ1873 የልብስ መርፌ በመሥራት የተመሠረተው የጃፓን ጂኮ ነው።
3ኛ፤ በብዙ ካርትሪጆች ላይ አሮጌውን የፕላስቲክ መያዣውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መሳብና አዲሱን በዚያው መንገድ እስኪገጥም መግፋት ነው። በአሮጌዎቹ የሴራሚክ ካርትሪጆች ላይ አፈታቱ ልዩ ስለ ሆነ አስቀድሞ አስተውሎ ማየት ይገባል። በማናቸውም ቢሆን ቀጭኑን ዘንግና የአልማዙን ጫፍ በጣት መንካት ክልክል ነው።
4ኛ፤ ማስተካከያ ላለው መሣሪያ የክንዱን ክብደት ሠሪው ባዘዘው ልክ ማድረግ። ሲቀል መርፌው ይዘላል፤ ሲከብድ ይፍቃል።
5ኛ፤ የ78ቱን ሸክላ በቀጭኑ መርፌ፣ ቀጭኑንም መስመር በ78ቱ መርፌ አለማጫወት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! ወደ ቤት ስትመለሱ ወላጆቻችሁን ሸክላ አላቸው እንደ ሆነ ጠይቁ። ቢኖራቸው መርፌው መቼ እንደ ተለወጠ አብራችሁ መርምሩ፤ እስኪታወቅም ድረስ ሸክላው አይጫወት። የተማርነው ፊዚክስ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ከሆነ ጥቅሙ ጥቂት ነው። የቀደሙት ሰዎች ድምፃቸውን አውርሰውናል። የእኛ ድርሻ ለልጆቻችን ሳይፋቅ ማስተላለፍ ነው፤ ለዚህም ከአንዲት ትንሽ መርፌ መጀመር እንችላለን።