ልቅሶ የተከለከለ ሕዝብና የኮሎራዶ ሕግ

ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገሬ ሰው። ይህ አባባል እዚህ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ቃል በቃል ሲፈጸም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ካፌ ውስጥ የአዲስ አበባውን የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በመልኩ ለየው። ሰውየው ከፈለኝ ዓለሙ ይባላል። በሌላ ሰው ስም እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ገብቶ ዜግነት ወስዶ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የዴንቨር ፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ በግንቦት 2014 ዳኛ ጆን ኬን 22 ዓመት ፈረዱበት።

ልብ በሉ! ምስክሮቹ ስለ ግርፋቱና ስለ ግድያው እያነቡ ቢናገሩም፣ ክሱ ግን የሐሰት ወረቀትና የስም ስርቆት ነበር። የሟቾቹ ደም የክሱ ርእስ አልሆነም።

በዚያው ዘመን ይህችው ኦሮራ ሌላ ሐዘን ወርዶባት ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 2012 አንድ ታጣቂ ሲኒማ ቤት ገብቶ 12 ሰው ገደለ፤ 70 ያህል አቆሰለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013፣ የኮሎራዶ ምክር ቤት የአእምሮ ጤና ሕግ አወጣ። ቀን ከሌት የሚሠራ የስልክ መስመር፣ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ማእከልና ሕመምተኛው ያለበት ድረስ የሚሄድ ቡድን በሕጉ ተቋቋመ። በ2018 ደግሞ በከተማው አስተዳደር ግቢ 83 ወፎች ያሉት ሐውልት ቆመ፤ 70ው ለቆሰሉት፣ 13ቱ ለሞቱት፣ በእናቱ ማኅፀን ሳለ የሞተው ሕፃን ሳይቀር። ሟች በቁጥር ታወቀ፤ ቋሚም ሐኪም ተመደበለት።

የኛስ?

ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ደም የተመሰለበትን ጠርሙስ ሲሰብር እኛ የዛሬዎቹ ሃምሳ ዘለሎች ሕፃናት ነበርን። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ተጠየቁ። ማልቀስ ተከለከለ። በኛ አገር ሐዘን ወግ አለው፤ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሠልስትና አርባ ይወጣል፣ ተዝካር ይደገሳል። ይህ ሁሉ የሐዘንተኛውን አእምሮ የሚጠግን የአባቶቻችን ሕክምና ነው። ደርግ ሰው ከመግደሉም በላይ ይህን ሕክምና ከለከለ። እናቶች በትራስ አፋቸውን አፍነው አለቀሱ። ያ የታፈነ ልቅሶ ከኛ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ ኮሎራዶ ገብቷል።

የኋላው ታሪክ ይታወቃል። ልዩ ዓቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መንግሥቱ በ1999 ዓ.ም. በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ፤ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ተከፈተ። ችሎቱም ሙዚየሙም የሚገባ ነበር። ነገር ግን ከግርፋት የተረፈውን፣ ሌሊት እየባነነ የሚጮኸውን ሰው ማን አከመው? አገሪቱ ለረጅም ዘመን የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር። ስሙም ለስድብ ዋለ፤ «አማኑኤል ይግባ» ተባባልንበት።

ከራሳችንም አንሽሽ። በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖረው ሐበሻ ስለ ስኳርና ስለ ደም ብዛት በግልጽ ያወራል፤ ስለ ጭንቀት ግን ዝም ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እድሩም ይህን አፍ አውጥቶ ሊናገር ይገባል። የስልክ መስመሩ በግብራችን የቆመ ነውና የኛም ነው።

ዛሬ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ የወደቁት ወገኖቻችን ስንቶቹ በስማቸው ተቀበሩ? መንግሥት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቄያለሁ ብሏል። ፖሊሲው የሟቾችን ስም ካልመዘገበ፣ አጽም ፈልጎ ለቤተሰብ ካልመለሰ፣ የተረፉትን ካላከመ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ገና ዛሬ ሬሳዋን ያጣች እናት ከ30 ዓመት በኋላ ገዳዩን በባዕድ አገር ካፌ እስክታገኘው ልትጠብቅ አይገባም።

ለሟቾቻችን ስማቸው፣ ለቋሚው ሕክምናው ይሰጥ!