የሐድያ የከብት ባህልና በዘረ መል የተጻፈው የወተት ታሪክ

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ ከኢትዮጵያ የሙስሊም ግዛቶች አንዷ አድርጎ የጠቀሳት ሐድያ ስሟ ዛሬ ሆሳዕናን ማእከል ባደረገው ሕዝብ ዘንድ የቀጠለ ሲሆን፣ ጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውከምፐር እንዳሳየው የሐድያ ነገዶች ለረጅም ዘመን በዋናነት ከብት አርቢዎች ነበሩ። የሰው ክብር በመንጋው ብዛት ይለካ ስለነበር፣ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው በድግስ ማዕረግ ያገኝ ነበር። በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ የሰፈሩት ጎረቤቶቻቸው ከምባታዎች ግን ከጥንት ጀምሮ እንሰት ተካዮች ናቸው፤ ሐድያዎችም በተለይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እንሰት እርሻ ሲያዘነብሉ፣ እንሰት ያለ ፍግ አይፋፋምና ከብቱ ከደጃፋቸው አልራቀም።

ወተት ለአዋቂ ሰው ምግብ የሆነበት ታሪክ ግን በሰው አካል ውስጥም ይነበባል። የሽል ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው ሳለ አንዱ አንጀት ሌላው አንጎል የሚሆነው፣ የትኛው ዘረ መል የትና መቼ እንደሚሠራ የሚወስኑ ተቆጣጣሪ የዲኤንኤ ክፍሎች ስላሉ ነው፤ በእነዚህ ክፍሎች ላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች እየተጣበቁ ራቅ ብሎ የሚገኘውን ዘረ መል ያነቃሉ ወይም ያግዳሉ። ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተሰኘ ኢንዛይምም በዚሁ ሥርዓት ፅንሱ ለመወለድ ሲቃረብ በትንሹ አንጀት ውስጥ ይበዛና፣ ሕፃኑ ጡት ከጣለ በኋላ በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ እየቀነሰ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በፊንላንድ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከላክቴዝ ዘረ መል 14 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ርቆ በጎረቤቱ ዘረ መል ውስጥ ባለ ተቆጣጣሪ ክፍል የአንዲት ፊደል መለወጥ ኢንዛይሙ በአዋቂነትም እንዲቀጥል ከማድረግ ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ። በ2007 በምሥራቅ አፍሪካ፣ በ2013 ደግሞ በኢትዮጵያ ሕዝቦች ላይ ተሠርተው የወጡ ጥናቶች በዚያው ክፍል ውስጥ ሌሎች የተለያዩ ለውጦችን አሳዩ፤ ይህም ከብትና ግመል የሚያረቡ ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ ወደ አንድ ውጤት እንደደረሱ ያስረዳል።

ሆኖም ባህሉ ላክቴዛቸው የቀነሰባቸውንም አላገለለም። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ይበሉታል፣ ተንጦ በሚወጣው ቅቤ ውስጥም እጅግ ጥቂት ብቻ ይቀራል፤ ከእንሰት ከሚዘጋጀው ቆጮ ጋር የሚቀርበው አይብም ቢሆን አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣ ለሆድ ይቀላል። በሐድያዎች የያሆዴ በዓል የሚቀርበው አተካና የተባለው ምግብ፣ የእንሰቱን ቡላ ከወተትና ከቅቤ ጋር አዋሕዶ፣ የአርቢውንና የተካዩን ታሪክ በአንድ ገበታ ያገናኛል። ስለዚህ የዚህ ምድር ታሪክ ከነገሥታትና ከጦርነት ዜና ባሻገር፣ ሴቶች በማጀት ባዳበሩት ጥበብና በትውልድ በሚተላለፈው ዲኤንኤም ሊጠና ይገባዋል።