ሉተር በላይፕሲግ፦ በስም የቀረበ ክስና በማስረጃ የተሰጠ መልስ

በአብያተ ክርስቲያናችን የሚነሣ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በማስረጃ ሳይሆን በስም ነው። «ይህማ የእነ እገሌ ትምህርት ነው» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1519 በላይፕሲግ ማርቲን ሉተር ላይ የቀረበውም ይኸው ነበር።

ክርክሩ በጁን 27 ቀን በፕላይሰንበርግ ግንብ ተከፈተ። ከዮሐንስ ኤክ ጋር መጀመሪያ የገጠመው የሉተር ባልደረባ ካርልሽታት ነው። ካርልሽታት መጻሕፍት ገልጦ ሲያነብ ኤክ «በቃል እንጂ በመጽሐፍ አይሆንም» ብሎ ተቃወመ፤ ተሳካለትም። (ደንቡ የጠቀመው ማንን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም።)

ሉተር በጁላይ 4 ቀን ተራው ደረሰ። ርእሱ የሮም ጳጳስ ሥልጣን ነበር። ኤክ የሉተርን አሳብ በኮንስታንስ ጉባኤ ተወግዞ በ1415 ከተቃጠለው ከያን ሁስ ጋር አያያዘው። ቦታውን ያስተውሉ፤ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ በ1409 የተመሠረተው ከፕራግ ለቀው በወጡ ጀርመናውያን ነው። እዚያ የሁስን ስም መጥራት ብቻውን ክስ ነበር።

ሉተር በመጀመሪያ ራሱን ለማራቅ ሞከረ፤ ከቦሔሚያውያን ጋር ኅብረት የለኝም አለ። በምሳ ሰዓት ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የጉባኤውን መዝገብ እንዳነበበ ይተረካል። ሲመለስ ከተወገዙት የሁስ አንቀጾች መካከል ብዙዎቹ ክርስቲያናዊና ወንጌላዊ ናቸው ብሎ ተናገረ። «አሳቡ የማን ነው?» እና «አሳቡ እውነት ነው?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለያያቸው።

ይሁን እንጂ ኤክን አንናቀው። ጳጳስ ሊሳሳት ይችላል የሚል ሰው ጉባኤም ሊሳሳት ይችላል ወደሚል ድምዳሜ መድረሱ እንደማይቀር አይቷል። ሉተር የራሱ መነሻ ወዴት እንደሚያደርሰው በግልጽ ያየው በተቃዋሚው ግፊት ነው፤ ወዳጆቹ ይህን አላደረጉለትም። በሚቀጥለው ዓመት የሁስን ስለ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ፣ ሳያውቀው የሁስን ትምህርት ሲያስተምር እንደኖረ ለወዳጁ ለሽፓላቲን ጻፈለት።

ፍርዱ ለኤርፉርትና ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ ነበር። ኤርፉርት አልፈርድም አለ፤ ፓሪስም በክርክሩ ላይ ብይን ሳይሰጥ ቀረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ሉተር በማርቡርግ ከዝዊንግሊ ጋር ተቀመጠ። ውይይቱ ሳይጀመር ስለ ጌታ እራት የሚናገረውን ቃል በጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጻፈና ከዚያ ንቅንቅ አልልም አለ። ጽናት ልንለው እንችላለን። ከ15ቱ አንቀጾች በ14ቱ ተስማሙ፤ በአሥራ አምስተኛው ግን የክርስቶስ ሥጋና ደም በእራቱ መገኘት እንደተለያዩበት ቀረ።