የአያቷ ስም ኖርዎክ ነው ያለው

እስቲ ጠጋ በሉ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የከተማው ምክር ቤት በፈረንጅ 2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር አለ። አንዲት የዚያ ሰፈር ልጅ፣ ስም አላወጣላትም፣ የወላጆቿን ዱካ ልትፈልግ ተነሣች እንበል።

መጀመሪያ ያማራት የሕዝብ ቆጠራው ነው። አይ የዋህነት! አሜሪካ በቆጠራ የመዘገበችውን ስም 72 ዓመት ትቆልፍበታለች። በ2022 የተከፈተው የ1950ው ነው፤ ያኔ ፌርፋክስ ላይ እንጀራ ማን አይቶ? የእኛ ሰው በብዛት የመጣው ከአብዮቱ በኋላ፣ ይልቁንም የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው። የ1980 ቆጠራ የሚከፈተው በ2052፣ የ1990ው በ2062። ትጠብቅ እንግዲህ፣ ሽበት እስክታበቅል!

ስለዚህ ወደ ኖርዎክ፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የጋብቻ መዝገብ ወዳለበት። ወጉ የሚጥመው እዚህ ነው። አገር ቤት ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ልጅም የአባቱን ስም አስከትሎ ይኖራል። አሜሪካ የአባትን ስም «የቤተሰብ ስም» አድርጋ አደረቀችው፤ ልጅቱ በአባቷ ሳይሆን በአያቷ ስም ትጠራለች። በዚያ ላይ አንዱን ስም አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ጽፎታል። የልደቱም ዘመን በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ሰባት ስምንት ዓመት ይዘላል።

የጋብቻ ፈቃዱ ቅጽ ግን ሁለቱንም ተጋቢዎች የወላጆቻቸውን ሙሉ የትውልድ ስምና የተወለዱበትን አገር ይጠይቃል። በአንዲት ወረቀት ስድስት ሰው! ሽማግሌዎቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ ይህች አንድ ቤት ብቻ ነው የምትቆጥረው። ቢሆንም እኔ አልንቃትም፤ የሴት አያት ስም በእኛ አጠራር ማንም ላይ አይቀጠልም፣ እዚህ ግን በቀለም ሰፍሯል።

እንቅፋቱስ? ካሊፎርኒያ «ምስጢራዊ ጋብቻ» የሚባል አላት፤ ምስክር አይፈልግም፣ ቅጂውም ከተጋቢዎቹ በቀር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም አይሰጥም። እንዲያ ከሆነ ቡና አፍልቶ እናትን መለማመጥ ነው።

አገር ቤት ተጋብተው ከመጡስ? ኖርዎክ ባዶ ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ከዚያ በፊት የብዙው ሰው ጋብቻ መዝገቡ ቄሱና ሽማግሌው ነበሩ። ከነሱ ማን እንደቀረ፣ ስልኩም ማን ዘንድ እንዳለ አክስቶቿን ትጠይቅ፤ ዛሬውኑ።