ምድር ጦር፣ አየር ኃይል ወይስ ባሕር ኃይል? የአባቶቻችን ምርጫና ያመጣው ዕጣ

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ውትድርና የሚያስቡ ልጆች አንዳንዴ በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል? ምድር ጦር ነው አየር ኃይል?» ባሕር ኃይልም እንደገና ስለተቋቋመ አሁን ሦስተኛ አማራጭ መጥቷል። እኔ ታሪክ የምወድ ሰው ነኝ እንጂ ወታደር አይደለሁም። ስለ ደሞዝና ስለ ምልመላ መስፈርት የምነግራቸው ነገር የለኝም። ግን ጥያቄው በአገራችን አዲስ አይደለም። አያቶቻችንና አባቶቻችን ተጠይቀው መልሰውታል፤ መልሳቸው ምን እንዳመጣባቸውም ይታወቃል። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ድሮ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ክተት ሲታወጅ ሰው በአገሩ ገዢ ሥር ሆኖ፣ ስንቁን ቋጥሮ ይዘምታል። ዘመቻው ሲያበቃ ወደ እርሻው ይመለሳል። «የትኛው ክፍል ልግባ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው መደበኛ ጦር ሲመጣ ነው። ክብር ዘበኛ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂግ መኮንኖች መሠልጠን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ አረፉ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች ተከፈተ። የሆለታ ዕጩዎች ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጣሊያን ገባ። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ነቀምቴ ላይ የጥቁር አንበሳን አርበኞች ድርጅት ከመሠረቱት መካከል ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ መራጮች የመረጡትን እንኳ በቅጡ ሳይጀምሩት ነው ዱር የገቡት።

እውነተኛው የምርጫ ዘመን የመጣው ከነጻነት በኋላ ነው። በ1950 ዓ.ም. ትምህርቱን የጨረሰ ጎበዝ ልጅ ፊቱ ብዙ በር ተከፍቶለት ነበር። የሚገርመው እያንዳንዱ በር ላይ የቆመው አስተማሪ የተለያየ አገር ሰው መሆኑ ነው። ክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት ስዊድኖች ናቸው። ደብረ ዘይት ያለውን አየር ኃይልም መጀመሪያ ያደራጁት በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመሩ ስዊድኖች ሲሆኑ፣ በኋላ አሜሪካኖች ተተኩ። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ አስተማሪዎች ሕንዶች ናቸው። ባሕር ኃይሉን የመሠረቱት ኖርዌጆች ናቸው። ምድር ጦሩን መጀመሪያ እንግሊዞች፣ ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ ደግሞ አሜሪካኖች አማከሩት።

ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩ በሙሉ በአንድ የውጭ መንግሥት ወይም በአንድ አዛዥ እጅ እንዲወድቅ አልፈለጉም። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ያ ልጅ የዩኒፎርም ቀለም የመረጠ ቢመስለውም፣ ሳያውቀው የሚመርጠው ወገን ነበር። ቀኑ ሲመጣ ከማን ጋር እንደሚቆም የሚወስነው ያቺ የመጀመሪያ ፊርማው ነች።

በሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ክብር ዘበኛ። በዚያን ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ክብር አልነበረም። ቁመናው ያማረ፣ ቁመቱ የተስተካከለ ጎልማሳ ይመረጥበታል። ልብሱም፣ ኑሮውም፣ ሥልጠናውም ከሌላው ይሻላል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የተውጣጣው ከዚሁ ከክብር ዘበኛ ነው። በየተራ ከዘመቱት ወደ ስድስት ሺህ ከሚጠጉ ኢትዮጵያውያን አንድም ሰው አልተማረከም የሚባለው ነገር እስከ ዛሬ የሚያኮራን ነው። አበበ ቢቂላም፣ ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. አንድ ወጣት «የት ልግባ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አስተዋይ ሽማግሌ ሁሉ «ክብር ዘበኛ!» ይለው ነበር።

ከዚያስ? አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ሦስት ወር አልፎ ጥቂት ቀን እንደተጨመረ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ንጉሡ ብራዚል ሳሉ መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ። ምድር ጦርና አየር ኃይል ለዙፋኑ ታማኝ ሆኑ። አዲስ አበባ ላይ የአንድ አገር ወታደሮች ተታኮሱ። እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ተራ የክብር ዘበኛ ወታደሮች የተነገራቸው ምድር ጦር በንጉሡ ላይ እንዳመፀ ነበር። ለንጉሡ እየተዋጋሁ ነው ብሎ እያመነ፣ የንጉሡ ጠላት ተብሎ የሞተ አለ። ጄኔራል መንግሥቱ መጋቢት ላይ ተሰቀሉ፤ ከሙከራው የተረፈው ወታደር ተያዘ፣ ተበተነ፣ ክፍሉም እንደ አዲስ ተዋቀረ። የዚያ ወታደር ጥፋት ምንድነው? ከሦስትና ከአምስት ዓመት በፊት ከሁሉ የተሻለውን በር መምረጡ ብቻ ነው።

ምድር ጦር። ይሄ ሰፊው በር ነው። ብዙ ሰው ይቀበላል፣ ብዙም አይጠይቅም። ግን እዚህም ውስጥ ሌላ ምርጫ ነበር፤ ሆለታ ወይስ ሐረር? የሐረር አካዳሚ ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ ጎበዝ ተማሪዎችን ለሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ እያስተማረ ምክትል መቶ አለቃ ያደርጋል። ሆለታ ደግሞ በአብዛኛው ከወታደርነት የመጡትን፣ ብዙ ያልተማሩትንም ጭምር ይቀበላል። የሐረሩ መኮንን ሆለታን ዝቅ አድርጎ ያያል፤ የሆለታው ደግሞ «መጽሐፍ እንጂ ጦር አያውቁም» ብሎ ይንቃል። በጊዜው ብልህ ምርጫ የሚመስለው ሐረር ነው። ታሪክ ግን አገሩን አስራ ሰባት ዓመት የገዛውን ሰው ያወጣው ከሆለታ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሆለታ ምሩቅ ናቸው።

ምድር ጦር መግባት ማለት የት እንደምትመደብ አለማወቅ ማለትም ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው በውኃና በምግብ ምክንያት ነው። የወታደሩ ውኃ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከለከለ። ሊያነጋግሯቸው የሄዱትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ያንኑ ምግብ እንዲበሉ፣ ያንኑ ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። የዚያ ዓመት አብዮት አንዱ መነሻ ይሄ ነው። ቀጥሎ የደብረ ዘይት አየር ኃይል ባለሙያዎች፣ ከዚያ የአስመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር፣ ከዚያ የምፅዋ ባሕር ኃይል እየተከተሉ ተነሱ። በሰኔ ደርግ ሲቋቋም አባላቱ ከየጦር ክፍሉ ተወክለው የመጡ ነበሩ፤ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ። የት ክፍል ነበርክ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ አገር እስከ መግዛት አደረሰ።

አየር ኃይል። ይሄ ጠባቡ በር ነው። ዓይንህ ይመረመራል፣ ልብህ ይመረመራል፣ እንግሊዝኛህ ይፈተናል። ከገባህ ግን ውጭ አገር ትሠለጥናለህ፣ ጄት ታበርራለህ። ሙያውም ከጦሩ ውጭ ዳቦ ይሆናል፤ የሲቪል አቪዬሽን አለ፣ መካኒክነት አለ። በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ሲወር፣ ይሄ በሰላሙ ጊዜ እንደ ቅንጦት የሚታይ ኃይል አገር አዳነ። አሜሪካን የሠለጠኑት አብራሪዎቻችን በኤፍ-5 ከሶማሊያ ሚጎች ጋር ገጥመው ሰማዩን ተቆጣጠሩ።

የዚህ በር ዋጋስ? ለገሠ ተፈራን ውሰዱ። በዚያ ጦርነት የጠላት አውሮፕላን የጣለ ጀግና ነው። ራሱም ወድቆ ተማረከና አስራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ታሰረ። የተፈታው በ1980 ዓ.ም. ነው። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ደግሞ በደርግ ዘመን በሻዕቢያ ተማርኮ ተፈታ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሲጠብቅ ኖረ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ላይ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። ሰማይ ላይ ያለ ሰው ከፖለቲካ የራቀ ይመስላል። አልራቀም።

ባሕር ኃይል። ለእኔ ከሁሉም የሚያስቆጨው የዚህ ታሪክ ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ወደብ ተገኘ። ጥቂት ቆይቶ ምፅዋ ላይ የጦር ሰፈር፣ አስመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1954 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ መጣች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን የታላላቅ መንግሥታት መርከቦች ምፅዋ ይመጡ ነበር። ነጭ ልብስ የለበሰ የደጋ ልጅ አስቡት! ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ ሄዶ ባሕርን መጀመሪያ ያየው ዕጩ መኮንን ሆኖ ነው።

አዛዡ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት የንጉሡ ሹማምንት አንዱ ሆኑ። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ባሕረኞቹን ይዘው ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም እዚያው ቀረች። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተረፉት ጅቡቲ ላይ በጨረታ ተሸጡ፣ ኃይሉም ፈረሰ። የምድር ጦር መኮንን መንግሥት ቢለወጥም መሬቱ አለ። አብራሪው ሰማዩ አለ። ባሕረኛው ግን ሙያው እጁ ላይ እያለ ባሕሩ ሄደበት። የሃያና የሠላሳ ዓመት ሙያ ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ሌላ ሥራ የፈለገ ስንቱ ነው? በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይል እንደገና ይቋቋማል ሲባል አንዳንዱ የሳቀው፣ አንዳንዱ ያለቀሰው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ያወራሁት ስለ መረጡት ነው። ያልመረጡትም አሉ፤ ቁጥራቸውም ይበልጣል። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሠፈር የገባው የገበሬ ሚሊሺያ «የት ይሻልሃል?» አልተባለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ከየቀበሌው የተወሰዱት ልጆችም አልተባሉም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው ያ ሠራዊት በ1983 ዓ.ም. ሲበተን «የደርግ ወታደር» የሚል አንድ ስም ብቻ ተሰጠው። በፈቃዱ የተቀጠረውም፣ ከእናቱ ጓዳ ተጎትቶ የወጣውም እኩል በዚያ ስም ተጠራ። ለዚህ ነው ዛሬ መምረጥ መቻልን እንደ ቀላል ነገር ማየት የማይገባው።

እና ለእነዚያ ልጆች ምን ልበላቸው? ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት ይሄን ነው። አንደኛ፣ ዛሬ ከሁሉ የከበረው ክፍል ነገ ከሁሉ የሚከብድ ሊሆን ይችላል፤ ክብር ዘበኛን ያየ በክብር ብቻ አይመርጥም። ሁለተኛ፣ ከጦሩ ስትወጣ አብሮህ የሚወጣ ሙያ ያለበትን ፈልግ። ሐኪምነትም፣ መካኒክነትም፣ መሐንዲስነትም፣ ሬዲዮም በሁሉም ኃይሎች ውስጥ አሉ። ሦስተኛ፣ ክፍሉን ትመርጣለህ እንጂ አዛዡንና ጦርነቱን አትመርጥም። ይሄን አውቀህ፣ ከቤተሰብህ ጋር ተመካክረህ ፈርም። «አላውቅም ነበር» ማለት የ1953ቱን ወታደር አላዳነውም።

የቀድሞ ሠራዊት ልጆች የሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባታችሁ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፦ ለምን አየር ኃይል? ለምን ምድር ጦር? ማን መከረው? መጽሐፍ የጻፉት ጄኔራሎቹና ኮሎኔሎቹ ናቸው፤ የሃምሳ አለቃውና የአስር አለቃው ምርጫ ግን የትም አልተጻፈም። እነሱም እያለፉብን ነው። የነገሯችሁን ከታች ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።